የቆዳው ጉድጓድ

«ዛሬውኑ ተጭኖ ይቀበር። ነገ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው እንዲያልፉ አልፈልግም» አለ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ። ኡሙልኸይር የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ድምፁ ከደሴ የመጣው የጤና ተቆጣጣሪ፣ የአቶ ወልደ ሚካኤል ነው። እየተለማመጠ የሚመልስለት ደግሞ ቆዳ ነጋዴው አቶ አስፋው ነው። «ጌታዬ፣ ቆዳ እኮ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ እንዴት አፈር ይለብሳል?» ይላል። «ገንዘብህን ሰው ከሚኖርበት መሀል የከመርከው አንተ ነህ። ያንን ለብል የምትነሰንሰውን መርዝም ያለህን ሁሉ አፍስበት፤ ማንም ቆፍሮ አውጥቶ እንዳይሸጠው» አለ ተቆጣጣሪው። ከዚያ በኋላ የጫማ ኮቴ ብቻ ተሰማ። ኡሙልኸይር ሳፋውን አስቀመጠችና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከልቧ ደስ ብሏት ነበር።

ደስ ቢላት አይፈረድባትም። የራያ ከብት ሜዳ ለሜዳ ማለቅ ሲጀምር ቀድሞ የነቃው አስፋው ነው። በሬውን እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው የበሬውን ቆዳ በትከሻው ተሸክሞ ቆቦ ድረስ ይመጣና በአንድ ብር ይሸጣል፤ በብሩ ማሽላ ልግዛ ቢል ልጆቹን አንድ ቀን አያሳድርለትም። ቆዳው በገበያው ጀርባ፣ ሰው ከሚኖርበት ግቢ፣ ጣሪያ እስኪያክል ተከመረ። ሰውየው ይህ አልበቃ ብሎት «ፍቄ፣ አልፍቼ እሸጣለሁ» ብሎ የኖራ ገንዳ አስቆፈረ። ሰፈርተኛው በሹፈት «ፋብሪካው» ይለው ጀመር። የፋብሪካው እጣቢ በቦይ እየወረደ የሰፈሩን የውኃ ጉድጓድ አበላሸ። ውኃው ቢጫ ሆነ፤ በላዩም ፀጉር ይንሳፈፍ ጀመር። ያን ውኃ ያልጠጣ ሌላ ውኃ አልነበረውም። ጎረቤቷ ሸዋዬ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃኗን በተቅማጥ ቀበረች። የሰፈሩ ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ኡሙልኸይርን ከፊት አስቀድሞ አቤት ማለት የጀመረው ከዚያ ቀብር ሲመለስ ነው። መንግሥት ሰማና ዝም አለ። ሰው እንደ ከብቱ በየመንገዱ ሲወድቅ ዝም ያለ መንግሥት ለሽታ ይነሳል ብሎ የጠበቀም አልነበረም። ወልደ ሚካኤል ብቻ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደጋግሞ መጥቷል፣ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፣ ደጋግሞም ተስቆበታል። ዛሬ የተሰማው ረሃቡን የሚያይ ኮሚቴ ነገ ከአዲስ አበባ በአስፋልቱ ያልፋል ስለተባለ ነው።

የኡሙልኸይር ቤት አንድ ክፍል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከፊት ለፊቱ ደጅ ላይ ጋዝና ክብሪት እየቸረቸረች፣ የሆቴል አንሶላም እያጠበች ትኖርበታለች። ከፋብሪካው ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ከሥሩ ረጥቦ ነጭ አውጥቷል፤ እሱን በሰሌን ሸፍናዋለች። ሽታውን ግን የሚሸፍን ሰሌን የለም። ምግብ ላይ ያርፋል፣ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሲስምህ ከአንገቱ ይሸትሃል። በዚህ ክፍል ሌላኛው ጥግ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ ታናሽ ወንድሟ ሙሀመድሰይድ ይተኛል። ከዋጃ አቅጣጫ በእግሩ የመጣ ነው። ሁለት በሬዎቹ ሞተውበት፣ ቆዳቸውን ለዚያው ለአስፋው ሸጦ፣ ሚስቱን ዘኪያን ይዞ እህቱ ደጅ ሲደርስ ኡሙልኸይር አቅፋው አልቅሳለች። ዘኪያን ግን ከደጅ መለሰቻት። «ይሄ ሽታ ለደካማ ሰው አይሆንም፣ ይገልሻል እቴ። ከወንዙ ዳር ከወገኖችሽ ጋር ትንሽ ሰንብቺ፤ ቆዳው ሲነሳ አመጣሻለሁ» አለቻት። ውሸቷ ነበር። የፈራችው ሦስተኛ አፍ ነው፤ ከዘኪያ ኋላ ደግሞ የዘኪያ እናትና እህቶች እንደሚመጡ ታውቃለች። ሙሀመድሰይድም ውሸት መሆኑን ያውቃል። ከዚያን ቀን ወዲህ እህትና ወንድም እንደ ባዳ ነበሩ። የምትሰጠውን ቁራሽ ግማሹን በልቶ ግማሹን በጋቢው ጫፍ ይቋጥርና ወደ ወንዙ ይወርዳል። እሷም ሲቋጥር እያየች እንዳላየች ትሆናለች።

ያን ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ ሲገባ «ቆዳውን ሊያነሱት ነው፤ ዛሬ» አለችው። ሙሀመድሰይድ ከበሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይኗን ቀጥ ብሎ አያት። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ «እንግዲያው ዘኪያን አምጣት» የምትል። ኡሙልኸይርም ይህን እንደሚጠብቅ አውቃለች። አንሶላውን ከሳፋው አውጥታ መጭመቅ ጀመረች። ጨመቀችው፣ ጨመቀችው፣ ውኃ እምቢ እስኪል ጨመቀችው። ሰውየው ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል ነበረች፤ ያቺን ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ረፋዱ ላይ የጭነት መኪናው መጣ። ሸዋዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ከኡሙልኸይር ጎን ቆመች። «ማሽላ ትናንት ጨምሯል አሉ። ጤፍማ ስሙንም የሚጠራው የለም» አለች፣ ዓይኗን ከመኪናው ሳትነቅል። ቆዳው ሲነሳ ከሥሩ አይጥና ትል ፈሰሰ። ሲነካካ ሽታው ይብስ ተነሳና ቀን ሠራተኞቹ ራሳቸው እያስታወኩ ይጭኑ ነበር። ይህን ሁሉ አልፎ ግን ከገበያው በኩል ረሃብተኛው ጎረፈ። ሰው አይመስሉም ማለት ይከብዳል፤ ሰው ናቸው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ከክምሩ የተንጠለጠለ የጥጃ ቆዳ ጭራ ይዞ ጎተተ። ፖሊሱ በአለንጋ ገረፈው፤ አለቀቀም። ደግሞ ገረፈው። ሽማግሌው ወድቆም እንደ ተኛ ይጎትታል። ፖሊሱ በቦት ጫማው እጁን ረገጠው፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ኡሙልኸይር ካለችበት ተሰማት። ሌላው ፖሊስ ሴቶቹን በቆመጥ እየደበደበ ወደ ገበያው መለሳቸው፤ አንዷ ያዘለችውን ልጅ ጭንቅላት በእጇ ከልላ ዱላውን በክንዷ ስትቀበል ታየች። ወልደ ሚካኤል «ተዉ! አትምቱ!» ይላል። የሚሰማው የለም፤ ድምፁም የሚሰማ ድምፅ አይደለም። ከቆዳው በኋላ ከመጋዘኑ በኬሻ በኬሻ የታሠረ ነገር ወጥቶ ተጫነ። አንዱ ኬሻ ተቀዶ ነጭ ዱቄት ሲያፈስ አስፋው ራሱ ሮጦ በእጁ ያዘው። ቆጥቦ የኖረ እጅ ነውና ጠብ ሲል ማየት አይችልም። ከገበያው ጥግ ይህንን ሁሉ ቆመው ካዩት አንዱ ሙሀመድሰይድ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከኋላው በእግሩ ተከተለ።

የራያ ገበሬ እህሉን የሚያኖረው በጉድጓድ ነው። መሬቱ ደረቅ ነውና ማሽላ በጉድጓድ ዓመታት ያልፋል። ጥሩ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ከሥሩ ጭድ ወይም ቆዳ ያነጥፋል፣ እህሉን ይጨምራል፣ በላዩ ደግሞ ቆዳና ጭድ አልብሶ አፈር ይመልስና ይደለድላል። ሙሀመድሰይድ በአገሩ የጉድጓድ አዋቂ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ እየጠራ ያስቆፍረዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ከከተማው ውጭ ከግራር ሥር ተቀምጦ ያየውን አስቡት። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከሥሩ ቆዳ ተነጠፈ። ኬሻ እየተሸከሙ ወረዱ፤ ፖሊሶቹ ሰው እንዳይጠጋ ያባርራሉ። ከላይ እንደገና ቆዳ፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ እሾህ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ዘበኞች ቀሩ። ወልደ ሚካኤል የሞተ ሰው የራስ ቅል የተሳለበት ጣውላ በእንጨት ላይ መትቶ ተከለና ሄደ። ጣውላው ላይ «መርዝ» ተብሎ ተጽፏል። ሙሀመድሰይድ ፊደል አይለይም። የራስ ቅል ግን ያውቃል፤ በአገሩ የማሽላ ማሳ ዳር የአህያና የውሻ ራስ በእንጨት የሚሰቀለው ለዓይን ነው፣ ያማረ አዝመራ ቡዳ እንዳያየው። «ገንዘብ የሆነ ቆዳ ማን ይቀብራል?» አላቸው አጠገቡ ለተቀመጡት። «ነገ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። አስፋው እህሉን እየደበቀ ነው፤ መንግሥትም እያገዘው።» ሁሉም አመኑት። ማመን ቀርቶ፣ ሲሰሙት አንዳንዶቹ ቆመው ነበር።

ቀትር ላይ እቤት መጣ። ኡሙልኸይር ሰሌኑን ከግድግዳው ገልጣ እርጥቡን በአመድ ታሻለች። መስኮቱን ከፍታዋለች፤ ሽታው ገና አልጠፋም፣ ግን ነፋስ ይገባል። በሩ ላይ ቆሞ «እታለም፣ ዶማሽን አውሺኝ» አላት። እታለም ካላት ከርሟል። «ምን ልታደርግበት?» «ሥራ አግኝቻለሁ።» ደስ አላት። የቀን ሥራ መሰላት፤ የቦይ ቁፋሮ፣ የመንገድ ጠረጋ፣ ነገ ለሚመጡት እንግዶች። ከአልጋው ሥር ጎትታ ሰጠችው። ዶማውን በእጁ መዘነና «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ እኔም ዘኪያም የሰው እጅ አናይም» አለ። ነገሩ ቆረጣት። ወደ ግድግዳዋ ዞራ በአመድ ማሸቷን ቀጠለች። ከግድግዳው ወዲያ የሰማችው ስለ መርዙ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ከጉሮሮዋ እንኳ አልደረሰም፤ ለወንድሟ የሚነገር ነገር መሆኑን ከየት ታውቃለች? እሱም ወደ የት እንደሚሄድ አልነገራትም፤ እህል ይዞ ገብቶ ከፊቷ ሊዘረግፈው፣ ሊያሳፍራት ነው የፈለገው። እንዲህ ሆነው ተለያዩ።

አሱር ሊሰገድ ሲል ሸዋዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። «ኡሙልኸይር! የወንዝ ዳሩ ሕዝብ የቆዳውን ጉድጓድ ሊቆፍር ወጥቷል! የአስፋው እህል ነው ብለው! ወንድምሽ ነው አሉ ከፊት ያለው!» ኡሙልኸይር እጇ ላይ የነበረው አመድ ሳይራገፍ ሮጠች። በመንገድ ላይ አንድ ጥይት ሰማች፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት። አስፋልቱን ስትሻገር የሮቢት አውቶቡስ ሊገጫት ለጥቂት ሳታት፤ ሾፌሩ ሰደባት፤ አልሰማችውም።

ስትደርስ አንደኛው ዘበኛ በድንጋይ ተደብድቦ ወድቋል፤ ጠመንጃውን ይዘው ይነጣጠቁበታል፤ ጥይቱ ማለቁን የሚያውቅ የለም። ሌላው ሸሽቷል። ከእሾሁ ላይ አንድ ወጣት ሆዱን በጥይት ተመቶ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ሰው እየረገጠው ያልፋል። እህል እንደሌለ ቀድሞ ታውቋል፤ ኬሻው ሁሉ ተተርትሯል። ግን የሚመለስ አልነበረም። እህል ቢጠፋ ቆዳ አለ፤ ቆዳ ተጠብሶ ይበላል፤ በዚያ ዓመት ያልበላው ሰው ጥቂት ነው። በክት ነው የሚል ሰው ካለፈ ቆይቷል። በቢላ፣ በማጭድ፣ በጥርስ ይቀዱታል፤ አንዱ የሌላውን እጅ አብሮ ይቆርጣል፤ ደምና ነጭ ዱቄት ተለውሷል። «ጨው ነው! ጨው አለበት!» ብላ አንዲት ሴት ጣቷን ላሰች፤ የልጇንም አፍ አስላሰችው። «መርዝ ነው! ባላህ፣ መርዝ ነው! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ብላ ኡሙልኸይር ጮኸች። አንድ ሰውዬ ዞሮ አያት፤ ቀሚሷን አየ፣ ጫማዋን አየ። «የከተማ ሰው! ለእናንተ እንዲቀር ነው?» አለና በጥፊ መታት። ጥፊው ጆሮዋን ደፈነው፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱን ሁሉ የሰማችው ከሩቅ ነው።

ሙሀመድሰይድ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ አንድ ቆዳ አቅፏል። ዳለቻ ቆዳ ነው፤ በታፋው ላይ የእሳት ምልክት አለበት፤ የገዛ ምልክቱ። ከዚያ ሁሉ ቆዳ መሀል የራሱ በሬ ወጥቶለታል። «ዳለቻዬ ነው! ለማንም አልሰጥም! ዳለቻዬ ነው!» ይላል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ የሚያውቃት አይመስልም። የቆዳው ግማሽ ተቆርጦ ሄዷል፣ ጠርዙ አዲስ ነው። ኡሙልኸይር ቆዳውን ያዘች። ጎተተች። ጎተታት። አፈር ላይ ተንከባለሉ። እንደ ልጅነታቸው አይደለም፤ ልጅ ሆነው ሲጣሉ እሷ ታሸንፍና ኋላ ታባብለው ነበር። ክንዱን ነከሰችው፤ ፊቷን በክርኑ መታት፤ አፍንጫዋ ደም ረጨ። አልለቅ ሲላት ዶማውን፣ ያንኑ የራሷን ዶማ፣ ከአጠገቧ አነሳችና በብረቱ ሳይሆን በእንጨቱ በኩል ክንዱ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰበር ጠዋት ከሰማችው የሽማግሌው ጣቶች ድምፅ ጋር አንድ ነበር። ሙሀመድሰይድ ቆዳውን ለቀቀ። ጀርባውን ከአፈሩ አስደግፎ ያለ ድምፅ አለቀሰ። «መርዝ ነው ወንድሜ፣ መርዝ ነው፤ አብሽር፣ አልበላህም አይደል? አልበላህም?» አለችው እየዳሰሰችው። አልበላሁም በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ዘኪያ» አለ። «ግማሹን መጀመሪያ ለሷ ነው የሰጠኋት።»

የወንዙ አሸዋ ላይ ጭሱ ከብዙ ቦታ ይነሳ ነበር። ኡሙልኸይር ያየችውን እሳት ሁሉ በእግሯ መታች። ድስት ገለበጠች፣ ፍም በተነች፣ ከሰው አፍ ነጠቀች። የተራበ ሰው ምግቡን ሲገለብጡበት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። በእንጨት መቷት፣ ድንጋይ ወረወሩባት፣ አንዲት አሮጊት ፀጉሯን ይዛ ጎትታ ጣለቻት። ተነስታ ሮጠች። አንዳንዶቹ ግን ዞረው አልመቷትም፤ ሆዳቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ተቆልምመዋል። ያቺ ጣቷን የላሰችው ሴት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች፣ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ዘኪያን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አገኘቻት። እሳቷ ጠፍቷል። ከፊቷ በንጹሕ ቅጠል ላይ የተጠበሰ ቆዳ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ትልቁ ድርሻ ለባሏ ነው። ትንሹን በልታዋለች። አስታውካለች፤ ደግማ ታስታውካለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ኡሙልኸይርን ስታይ በደም የተሸፈነውን ፊቷን አላወቀችውም፤ ቅጠሉን በእጇ ከልላ «ለባሌ ነው፣ አትንኪብኝ» አለች።

ኡሙልኸይር ተሸከመቻት። ከብዳት ሳይሆን ቀልላት ነበር ያለቀሰችው። ሙሀመድሰይድ የተሰበረ እጁን በጋቢው አንግቶ ከኋላ ይከተላል። «ጠዋት ታውቂ ነበር? መርዝ እንዳለበት?» ሲል ጠየቃት አስፋልቱ ላይ። «አውቅ ነበር።» «ዶማውን ስትሰጪኝም?» «አዎ።» ምን ይነጋገራሉ? እሱም የት እንደሚሄድ አልነገራትም፣ እሷም የሰማችውን አልነገረችውም፣ አንድ ቤት ውስጥ። ከበስተኋላቸው ከወንዙ ዳር ለቅሶው ተነስቷል።

ፋብሪካው ደጅ ላይ ወልደ ሚካኤል ቆሞ ግቢውን በኖራ ያስረጫል። የሆነውን ገና አልሰማም። ሰውየው ደክሞታል፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ የጀመረውን የጨረሰ ሰው ደስታ ግን ፊቱ ላይ ይታያል። «እትዬ፣ አየሽው አይደል? እንዳልኩሽ አነሳሁላችሁ» አላት ከሩቅ። ሲቀርቡ ፊቷን አየና፣ የተሸከመችውንም አየና፣ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀ። ሁለቱ አልፈውት ገቡ።

ዘኪያን በራሷ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ወተት ለማፈላለግ ሸዋዬ ሰፈሩን ዞረች፤ ወተት በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ውኃ አጠጧት፤ መለሰችው። ጀምበሯ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ሕመሟ ለጊዜው ቀለል አላት መሰለኝ ዓይኗን ገለጠች። ክፍሉን አየችው፤ ሰሌኑን፣ ግድግዳውን፣ የተከፈተውን መስኮት። ከደጅ የተመለሰችበትን ቤት ከውስጥ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ደረቷ እስኪነሳ በአፍንጫዋ አየር ሳበች፤ ደግማ ሳበች፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሁሉ። ነፋሱ ከሜዳው ነበር የሚመጣው፤ የደረቀ ሣርና የኖራ ሽታ ብቻ ነበረው።

«እታለም» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። ኡሙልኸይር ጎንበስ አለች። «ሽታውስ? ሽታ አለ ብለሽኝ አልነበር? የታለ ሽታው?»

ሙሀመድሰይድ ከጥጉ፣ ከማዳበሪያ ከረጢቱ ላይ፣ ቀና ብሎ መልሷን ጠበቀ። ኡሙልኸይር የዘኪያን እጅ ይዛ ተቀመጠች፤ መግሪብ ተብሎ አዛኑ አልቆ፣ የያዘችው እጅ እስኪበርድ ድረስ አልለቀቀችውም።